የምንይችል በረባሶ

ሰኔ 29

ይህን ደብተር እናቴ የሰጠችኝ የእንግሊዝኛ ቃላት እንዳጠናበት ነው። ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሠላሳ ስምንት አመጣሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ቃል ጽፌያለሁ፤ ድንገት ከፍታ ብታይ ይበቃታል። ከዚህ ገጽ ጀምሮ ያለው የራሴ ነው።

እንደየክረምቱ ከመተማ ዮሐንስ ወደ አያቴ እርሻ ተላክሁ። እናቴ ድንበሩ ላይ ሱቅ አላት። እኔ ሱቁ ውስጥ ስቀመጥ ከሹፌር እስከ ጉምሩክ ፈታሽ ድረስ አፍ እካፈታለሁ፤ እሷም "አፍሽ አንድ ቀን ጉድ ያመጣብሻል" ትላለች። እዚህ አፌን የምከፍትበት ሰው ጥቂት ነው፦ አያቴ አባባ ትዕዛዙ፣ አክስቴ ጸዳለና ባሏ ጋሽ ባየልኝ። ጋሽ ባየልኝ የማያውቁት ነገር የለም። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለአሥር ቀን ሥልጠና ሄደው ነበር፤ ዓለምን ሁሉ ያዩት በእነዚያ አሥር ቀናት ነው።

ዘንድሮ ብቻዬን አልመጣሁም። ከገላባት ሱቁን ዘግቶ ወደ እኛ የተሻገረው ፈሀድ፣ ከፖርት ሱዳን በመጣ የዕቃ ጭነት መሀል ሁለት ረጃጅም ሰሌዳዎች አግኝቶ ለእናቴ ሰጣት። ጫፋቸው ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ቀይ ቀለም የተቀቡ፣ ከነላስቲካቸው፣ ማንም ያልረገጣቸው። እናቴም "ለአባባ የበር መቀርቀሪያ ይሆናል" ብላ አሸከመችኝ።

ማታ ሸንጎ ተቀመጠ። አባባ በጣታቸው አንኳኩና "የአውሮፕላን ክንፍ ነው፤ ትንሽ አውሮፕላን" አሉ። ጋሽ ባየልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የሄሊኮፕተር ነው። ከላይ የሚሽከረከረው። አዲስ አበባ በዓይኔ አይቻለሁ።"

እኔ ምን እንደሆነ ገና ስልኬ ላይ ኔትወርክ ሳለ በቪዲዮ አይቻለሁ። ፈረንጅ እግሩ ላይ አስሮ በረዶ ላይ የሚንሸራተትበት ነው። ዝም አልሁ። ሄሊኮፕተሩ እስኪነሳ ልጠብቅ ብዬ።

ሐምሌ 4

ሰሊጡ ተዘርቶ አለቀ። ከቤታችን እስከ ማሳው ያለው ሜዳ ዋልካ ነው፤ ጥቁር አፈር። በበጋ ግማሽ ሰዓት ነው። አሁን ውሃ ተኝቶበት ሣሩ ከላይ ይዋኛል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ እግር ከያዘ አይለቅም። ዛሬ ከጸዳለ ጋር ምሳ ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። እያንዳንዱ እግሬ የአንድ በግ ያህል ከበደኝ።

መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ሳለሁ ያ ሰሌዳ ታወሰኝ። ውሃ ያለበት ሣር እኮ ያንሸራትታል።

ችግሩ ሰሌዳው ላይ እግር የሚታሰርበት ነገር የለም። ልሙጥ ነው። ኔትወርክ ብልጭ ሲል ቪዲዮውን እንደገና ከፈትሁት፤ ሰውዬው "አሁን ደግሞ ስለ ማሰሪያው" የሚል የሚመስል ነገር ሲጀምር ኔትወርኩ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እዚያው ላይ እንደቆመ ነው፤ አፉን ከፍቶ።

ሐምሌ 8

የማሰሪያ ምርጫዬ እስከ አሁን፦ የጸዳለን አሮጌ የላስቲክ ጫማ በሚስማር መታሁት። ሦስት እርምጃ ሄድሁ፤ ጫማው ሶሉን ሰሌዳው ላይ ትቶ ከእኔ ጋር መጣ። ቀጥሎ በገመድ አሰርሁት። ገመዱ ውሃ ጠጥቶ ላላ፤ እኔ ወደ ቀኝ፣ ሰሌዳው ወደ ሱዳን። ከዚያ ከባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ጠመጠምሁት። እሱ ደግሞ ይዘላል፤ ተረከዜ እንደ ዶሮ ጭራ ይወዛወዛል።

ጋሽ ባየልኝ በረንዳ ላይ ሆነው ይመለከታሉ። "ሄሊኮፕተሩን አታበላሺው" ይላሉ።

ሐምሌ 12

ምንይችል ፈታው።

ምንይችል ከጎጃም ለአረም የመጣ ነው። ሁለተኛ ዓመቱ ነው እኛ ጋ። ዝናብ አባሮት መጋዘኑ ሥር ሲጠለል እኔ ከሰሌዳው ጋር ስታገል አየኝ።

"ይኸ ምንድን ነው፣ ልጅት?"

"ፈረንጅ በረዶ ላይ የሚሄድበት ነው። ደግሞ ስም አለኝ። ሮዳስ።"

"እሺ ልጅት። ፈረንጅ መንገድ የለውም?"

ተቀመጠና ላስቲኩን ሳብ ለቀቅ አደረገው። ከዚያ "በቅሎ ጋልበሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"ባጃጅ ጋልቤ አውቃለሁ።"

"በቅሎ የምታውቂ ቢሆን ይኸን አትሳሳችም ነበር። እርካብ ውስጥ የሚገባው ጣት ነው። እግሩን እስከ ተረከዙ የሸጎጠ ሰው በቅሎዋ ስትጥለው ይንጠለጠላል፤ እየጎተተችው ትሄዳለች። እኛ ጋ እንዲያ የሞተ ሰው አለ። ማሰሪያ ስትመርጪ መያዙን ብቻ አትይ፤ መልቀቁንም እይ።"

የራሱን በረባሶ አወለቀ። ከመኪና ጎማ የተሠራ፣ ከአገሩ በእግሩ ያመጣው። "ለአረም ባዶ እግሬን ነው የምገባ፤ ክረምቱ እስኪወጣ አልፈልገውም" አለ። ብረት አግለን ሰሌዳውን በሳነው፤ ለእያንዳንዱ በረባሶ አራት አራት ቀዳዳ አውጥተን በቦሎን አጠበቅነው። ከፊት ጣት ብቻ የሚይዝ። ከኋላ ደግሞ የላስቲክ ማሰሪያ፣ ቋጠሮው በአንድ ሳብ የሚፈታ። "ስትወድቂ ጫፉን ሳቢ። ባትስቢውም ከከበደው ራሱ ይፈታል" አለ።

ወድቄ ሞከርሁት። አሥራ ሁለት ጊዜ። አሥራ ሁለቱንም ጊዜ እግሬን ለቀቀኝ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ሳልወድቅ ማሳው ደረስሁ።

ሐምሌ 15

ምሳ በሃያ አምስት ደቂቃ። በሁለት እጄ የሽመል ዘንግ፣ በጀርባዬ አገልግል። አራሚዎቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ያፏጫሉ። አንዱ የወሎ ልጅ "እቴጌ በጀልባ መጡ" አለ።

ማታ አባባ ስለ እኔ ለጎረቤት ሲያወሩ ሰማሁ። "የልጅ ልጄ ሄሊኮፕተሩን አስነሳችው።" ጋሽ ባየልኝ እራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ።

ሐምሌ 17

ጋሽ ባየልኝ ዛሬ አራሚዎች ፊት፦ "ይህች ልጅ አቋቋሟ ልክ አይደለም። ጉልበት መታጠፍ የለበትም። በገብርኤል በዓል እኔ አሳያችኋለሁ።"

ምንይችል አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ጋሽ ባየልኝ አዩት። "አንተ ምን ያስቅሃል? አረምህን አረም።"

ሐምሌ 19፣ ጠዋት

ገብርኤል ነው፤ ሥራ የለም። ሁሉም ሜዳው ዳር ተሰብስቧል። ጋሽ ባየልኝ ነጭ ጀላቢያ ለብሰው ወጡ። ለፈረንጅ ዕቃ የዓረብ ልብስ።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። እዚህ አልጽፈውም። ሳስበው ግን ብቻዬን እስቃለሁ።

ሐምሌ 19

ወደቁ። እግራቸው። ጩኸታቸው አሁንም አለ። ገንዳ ውሃ ሆስፒታል ወሰዷቸው።

ሐምሌ 20

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ ነገ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ እንዳልሳሳት።

ምንይችል ማሰሪያውን አሰረላቸው። እኔ ደግሞ ተንበርክኬ ልክ መሆኑን አየሁ። ልክ ነበር። ጋሽ ባየልኝ ጉልበታቸውን ሳያጥፉ አምስት ሜትር ያህል ሄዱ፤ ሰው አጨበጨበ። እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ የግራው ሰሌዳ ጫፉ ጭቃ ውስጥ ገባና ተተከለ። እሳቸው ወደ ጎን ዞረው ወደቁ፤ ሰሌዳው አልዞረም። እግራቸውም ከሰሌዳው ጋር ቀረ። ድምፁ ደረቅ ማገዶ ሲሰበር ያለው ድምፅ ነው።

ሰው መጀመሪያ ሳቀ። እኔም ስቄ ነበር።

ቀድሞ የደረሰው ምንይችል ነው። ቋጠሮውን ሳበው። አልፈታ አለ። እንደገና ሳበው። ከዚያ በቢላ ቆረጠው። ሲቆርጠው ቀና ብሎ አየኝ።

ሁለቱን ሰሌዳዎች ጎን ለጎን አድርጎ ሽመል አጋድሞ አሰራቸውና ጋሽ ባየልኝን አስተኝተው በሜዳው ላይ እየጎተቱ አውራ ጎዳና አደረሷቸው። በሸክም ቢሆን ኖሮ ሁለት ሰዓት ይፈጅ ነበር። ይህን ማንም አላነሳም።

ላስቲክ ውሃ ሲነካው ይጠብቃል መሰለኝ።

ሐምሌ 22

ራጅ ተነሱ። ከቁርጭምጭሚት በላይ ተሰብሯል። ጎንደር ይሂዱ ተባለ፤ የጎንደር መንገድ ደግሞ በዚህ ሰሞን ዝግ ነው። ጋሽ ባየልኝም "ወጌሻ ጥሩልኝ" አሉ።

ገንዳ ውሃ ስጠብቅ ኔትወርክ ነበር። ቪዲዮው ከቆመበት ቀጠለ። ሰውዬው አፉን ዘጋና እጁ ላይ ያለውን ማሰሪያ ነካ ሲያደርገው ተከፈተ። ቃሉን ባላውቀውም እጁን አይቼ ገባኝ። ሲወድቁ እንዲለቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ምንይችል ይህን ያወቀው ከበቅሎ ነው።

ማሰሪያውን የሠራው ምንይችል ነው። ይህ እውነት ነው። ማንም ቢጠይቀኝ እውነት ነው።

ሐምሌ 23

እትዬ ዘሀቢያ መጡ። እዚህ አካባቢ የተሰበረ አጥንት ሁሉ በእጃቸው አልፏል። ጋሽ ባየልኝ አጥንት እንዴት እንደሚጠገን ሊያስረዷቸው ሞከሩ፤ እትዬ ዘሀቢያ "አንተ ጩኸቱን ያዝልኝ፤ አጥንቱን እኔ እይዘዋለሁ" አሏቸው። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሳምንቱን ሙሉ እስቅ ነበር።

ከመጠገናቸው በፊት እግራቸውን ወደ ብርሃን አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሁለት ሰማያዊ መስመር አለ። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ቀጭንና ጥልቅ።

"ማነው ያሰረው?"

"ያ ጎጃሜው" አሉ አባባ።

"ሁለቱንም?"

"ምን ሁለት አለው?"

እትዬ ዘሀቢያ የሽመል ስንጥር በጨርቅ እየጠቀለሉ "ለሰባት ሳምንት በሦስት በሦስት ቀን ፈትቶ የሚያስርልኝ ትንሽ ጣት ያለው ሰው ስጡኝ" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እጄን ከነጠላዬ ሥር ከተትሁት።

"ነይ እንጂ" አሉኝ። "ማሰር ትችያለሽ አይደል?"

ሐምሌ 24

አባባ ምንይችልን አባረሩት። ሰው ሁሉ ቆሞ፦ "ጨዋታህን የምትጫወተው በእኔ ቤተሰብ እግር አይደለም።" ምንይችል ምንም አላለም። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። በአጠገቤ ሲያልፍ "ደህና ይሁኑ፣ እመቤት" አለኝ።

ልጅት አላለኝም።

ወደ ገለጉ በሚወስደው መንገድ ሄደ። በባዶ እግሩ። በረባሶው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሰሌዳው ላይ እንደታሰረ።

ሐምሌ 30

እትዬ ዘሀቢያ ማሰር አስተማሩኝ። ጨርቁ ሥር አንድ ጣት ማለፍ አለበት። ካላለፈ ደም አይደርስም፤ የእግር ጣት ይጠቁራል፤ ከዚያ የሚያስረውም የሚፈታውም ነገር አይኖርም። "የላላ አጥንት ያጣምማል፤ የጠበቀ እግር ይወስዳል" አሉኝ፤ ቀጥለውም እየሳቁ "ግን አንቺ የጠበቀውን የምትወጂ ትመስይኛለሽ" አሉ።

እኒህ ሴትዮ ያውቃሉ። አያውቁም። ያውቃሉ።

በየሌሊቱ ተነስቼ በስልኬ መብራት የጋሽ ባየልኝን የእግር ጣት አያለሁ። ትናንት ነቅተው "ምን ትቆጥሪያለሽ? አምስት ናቸው" አሉኝ።

ነሐሴ 9

ፍልሰታ ነው። የመንደሩ ልጆች ሁሉ ይቆርባሉ። ጸዳለ "ንስሐ ግቢና ቁረቢ እንጂ" ትላለች። የንስሐ አባታችን ጆሯቸው ይከብዳል። የነገሯቸውን ለማረጋገጥ ጮክ ብለው ይደግሙታል፤ ባለፈው ዓመት ዘጠና ዘጠኝ ብር የሰረቀውን ሰው ገበያው ሁሉ በዚያው ቀን አወቀው። የእኔን ቢደግሙት ብዬ አሰብሁ። "ምን አልሽ ልጄ? ቋጠሮ?"

ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ሰው ወደ ቁርባን ሲሰለፍ እኔ ወጣሁ። ጸዳለ አየችኝ።

"ምን ሠርተሽ ነው?"

"በሌሊት ውሃ ጠጥቼ።"

አሁን ይኸም ተጨመረ።

ነሐሴ 11፣ ሌሊት

እጽፈዋለሁ። ደብተር ጆሮው አይከብድም፤ አይደግምም።

የገብርኤል ዕለት ጠዋት ከጸዳለ የልብስ መስፊያ ቀጭን የናይለን ክር ወሰድሁ፤ ማዳበሪያ ከረጢት የሚሰፉበትን። ምንይችል አስሮ ዞር ሲል ልክ መሆኑን የማይ መስዬ ተንበርክኬ በላስቲኩ ሥር የጋሽ ባየልኝን እግር ከሰሌዳው ጋር አሰርሁት። በማይፈታ ቋጠሮ። ሁለት ጊዜ። አውልቄ ልውጣ ሲሉ እንዳይወጡ፤ ሜዳው መሀል እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ቆመው "ፍቱኝ" እንዲሉ፤ እኔም ቀስ ብዬ ሄጄ "ጉልበት መታጠፍ የለበትም፣ ጋሽዬ" እንድላቸው። ዓረፍተ ነገሩን ሌሊቱን ሁሉ ሳሰላስለው ነበር።

ጀላቢያው ረጅም ስለሆነ ማንም አላየም።

ጋሽ ባየልኝ ያን ጊዜ "ትንሽ ጠበቀኝ" ብለውኛል። ሰምቻቸዋለሁ። "ፈረንጆቹም እንዲህ ነው የሚያስሩት" አልኋቸው።

እናቴ የምትፈራው አፌን ነበር። እጄን የጠረጠረው ሰው የለም።

ነሐሴ 14

ቦሎኖቹን ልፈታ ሄድሁ፤ በረባሶውን ለመንገደኛ ሰጥቼ ልልክለት። ዝገዋል። በድንጋይ መታኋቸው። ጸዳለ ሰምታ "ምን ትሰብሪያለሽ?" አለች። "ምንም" አልሁ።

ነሐሴ 21

ለጋሽ ባየልኝ ነገርኋቸው። ጨርቁን እየፈታሁ፣ ፊታቸውን ሳላይ። ክሩን፣ ቋጠሮውን፣ ወፍ ማስፈራሪያውን ሳይቀር።

እኔም በጥፊ ቢመቱኝ ብዬ ጉንጬን አቀረብሁ።

"ለማን ተናግረሻል?"

"ለማንም።"

"እንግዲያው ለማንም እንዳትናገሪ።"

"ምንይችልስ?"

"ምንይችል የቀን ሠራተኛ ነው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። እኔ እዚሁ የምኖር ሰው ነኝ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ባየልኝን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በማዳበሪያ ክር አስራ ሰበረችው ሲባል ምን ልሁን? ሠራተኛ በስህተት አስሮት ተሰበረ ሲባል ግን ሰው ያዝናል።"

"ግን አልተሳሳተም።"

"እሰሪ" አሉኝ። "ጣት እንዲያልፍ አድርገሽ።"

አሰርሁ። ብነግራቸው ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አሁን ሁለት ሰው የሚያውቀው ሆነ፤ ሁለታችንም ዝም አልን። እራት ላይ ጋሽ ባየልኝ የደረሳቸውን ሥጋ አካፈሉኝ። ሥጋው አልወረደልኝም።

ጳጉሜን 2

ገንዳ ውሃ ለበዓል ዕቃ ከጸዳለ ጋር ሄጄ ሠራተኛ የሚቆምበት አደባባይ አጠገብ ስናልፍ ሁለት ባለ እርሻዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

"ያን ረጅሙን ውሰደው እንጂ፤ ጎበዝ ይመስላል።"

"እሱን? እሱ እኮ እግር ሰባሪው ነው። የአቶ ትዕዛዙን አማች እግር የሰበረው።"

"አሃ። ተወው እንግዲያ።"

ዞር ስል ምንይችል ነው። ከግንብ ሥር ተቀምጧል፤ ከስቷል። ገለጉ ድረስ ሄዶ ተመልሷል ማለት ነው። እግሩ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው የላስቲክ ጫማ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። አየኝ። እኔ ሽንኩርት እንደምመርጥ ሆንሁ።

ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው ግን እዚያ አልነበረም።

መስከረም 3

አዲስ ዓመት አለፈ። እትዬ ዘሀቢያ ስንጥሩን አወጡ፤ አጥንቱ ገጥሟል። ጋሽ ባየልኝ በምርኩዝ ይሄዳሉ። አጥንቱ እንዴት እንደገጠመ ለእንግዳ ሁሉ ያስረዳሉ፤ እትዬ ዘሀቢያን የረዷቸው ይመስላል።

እትዬ ዘሀቢያ ሲሄዱ እጄን ይዘው ጣቶቼን አዩ። "ጥሩ እጅ ነው" አሉ። "የባየልኝን እግር ፈታሽ። የቀረውንም ፍቺ።"

መስከረም 13

ሰሊጡ ቢጫ መሆን ጀምሯል። በሳምንት ውስጥ ካልታጨደ ይፈነዳና መሬት ላይ ይቀራል። አባባ ማጭድ ይስላሉ። "ሠላሳ አጫጅ እፈልጋለሁ፤ የማገኘው አሥራ አምስት ነው" ይላሉ።

አጠገባቸው ተቀመጥሁና ተናገርሁ። መጀመሪያ በቀልድ ልጀምረው አስቤ ነበር። አልመጣልኝም።

መሳሉን አላቆሙም። ስጨርስ ማጭዱን በአውራ ጣታቸው ሞከሩት።

"ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሁለት ወር ሊሞላው ነው።"

"ባየልኝ ያውቃል?"

አንገቴን ደፋሁ። ገባቸው።

"ልጁ ያን ቀን ምን አለ? ሳባርረው?"

"ምንም።"

"እኔስ ምን ጠየቅሁት?"

"ምንም፣ አባባ።"

"ምንም" አሉ፤ ማጭዱንም አስቀመጡት። "ነገ ጠዋት ጫማሽን አዘጋጂ። በእግር ነው የምንሄደው።"

መስከረም 14

ገንዳ ውሃ። አደባባዩ። አባባ ምንይችል ፊት ሲቆሙ እሱ ተነሳ። እኔ የተሸመደደ ነገር ነበረኝ፤ ያወጣሁት ግን "እኔ ነኝ" የሚለውን ብቻ ነው።

"አውቃለሁ" አለ ምንይችል። "ስቆርጠው ክሩ እጄ ላይ ነበር። ኪሴ ከትቼው ነበር።"

"ታዲያ ለምን አላሳየኸንም?" አሉ አባባ።

ምንይችል ወደ እኔ አይደለም ያየው፤ ወደ አባባ ነው። በትህትና ነው የተናገረው፤ ትህትናው ነው ያሳመመኝ። "አባቴ፣ አሳይቼ 'የልጅ ልጅዎ ናት' ብል ምን ይሉኝ ነበር?"

አባባ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እሱ የተቀመጠበት ግንብ ሥር ተቀመጡ።

"ለአጨዳው ና" አሉት በመጨረሻ።

"እመጣለሁ። ስሜ የጠፋው ግን እዚህ አይደለም። እርሻው ላይ፣ ሰው ፊት ነው።"

መስከረም 18

ዛሬ ጠዋት አጫጆቹ ማጭድ ከመያዛቸው በፊት። ሃያ ስድስት ሰው። አባባ መጀመሪያ ተናገሩ፦ "ይህን ልጅ ሳልጠይቅ አባርሬዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የቀረውን እሷ ትናገር።"

ተናገርሁ። ክሩን፣ ሁለቱን ቋጠሮ፣ "ትንሽ ጠበቀኝ" ያሉኝን። ያ የወሎ ልጅ አላፏጨም። ከኋላ አንድ ሰው "እንዲህም አለ ለካ" አለ፤ ሌላው "ሁለት ወር ሙሉ?" አለው። ጋሽ ባየልኝ ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ ቤት ገቡ፤ በሩን ግን አልዘጉትም። እስከ መጨረሻው በሩ ሥር ጥላቸው ይታየኝ ነበር።

ምንይችል ማጭዱን ወሰደና ረድፉን ያዘ። ውሃ ሳቀርብ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት" አለኝ።

መስከረም 21

አጨዳ። እመቤት። ነዶ። እመቤት። አራት ቀን። ዛሬ ነዶ ሲያስር ሳየው ሁሉንም በዚያው ቋጠሮ ነው የሚያስረው፤ በአንድ ሳብ የሚፈታውን። ሰሊጡ ሲደርቅ ለማራገፍ ይቀላል ብሎ ሌሎቹንም አስተምሯቸዋል።

ጋሽ ባየልኝ አላናገሩኝም። ማታ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው እራት ላይ ለአባባ "በሰሌዳው ጎትቶ መንገድ ያደረሰኝ ያ ልጅ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ ሳህናቸው አጎነበሱ።

መስከረም 24

ቦሎኖቹ ላይ ሦስት ቀን ጋዝ አፍስሼ አሳደርሁባቸው። ዛሬ የትራክተር ሹፌሩ መፍቻ አዋሰኝ። ስምንቱንም ፈታሁ። በረባሶውን በሳሙና አጠብሁት። ከሥሩ አራት አራት ቀዳዳ አለው፤ ጫፉ በጋለ ብረት የጠቆረ። ሊደፈን አይችልም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ወደ ማሳው ይዤው ሄድሁ። ሜዳው ደርቋል፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። ምንይችል ረድፉ ጫፍ ላይ ቀና ብሎ ላቡን ሲጠርግ አቀበልሁት።

አገላበጠው። በቀዳዳው አሻግሮ ሰማዩን አየ። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ጫማ አወለቀና አስገባው። ሁለት ጊዜ መሬቱን ረገጠ።

"ቀዳዳው ጥሩ ነው" አለ። "ውሃ ያወጣል።"

ማጭዱን አንስቶ ወደ ረድፉ ተመለሰ። እኔ እዚያው ቆምሁ። አሥር እርምጃ ያህል ሄዶ፣ ሳይዞር፦

"ልጅት። ቆመሽ የምትቀሪ ከሆነ ጀሪካኑን እንኳ ወዲህ አምጪው።"

ስም አለኝ ልለው አፌ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁትና ጀሪካኑን ይዤ ሮጥሁ።